ውኃ በሐዋሳ በስንት ዲግሪ ይፈላል? አንድ የሊንክ ዝርዝር ያስነሳው ክርክር

ከኢንተርኔት የምናገኛቸውን የማስተማሪያ ሊንኮች እንዴት እናጣራ በሚል ባለፈው ወር በመምህራን የኢንተርኔት የውይይት መድረካችን የተከፈተው ይህ ክር እስከ ትናንት ማታ ድረስ 28 መልሶች ተሰጥተውበታል። ከላይ ጀምሮ ለማንበብ ጊዜ ላጡ ባልደረቦች የተባለውን በራሴ አነጋገር በመልሶቹ ቁጥር ቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ፤ ከመላሾቹ አንዱ እኔው ስለሆንኩ ግን ገለልተኛ ዘጋቢ ነኝ ብዬ አልመጻደቅም።

ክሩን የከፈቱት እዚሁ ሐዋሳ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የሚያስተምሩ መምህር ናቸው። ክረምቱን ሙሉ ለክፍል የሚሆኑ ቪዲዮዎችን፣ ተንቀሳቃሽ ሥዕሎችንና መልመጃዎችን ከኢንተርኔት እየፈለጉ 140 ሊንኮችን በአንድ ኤክሴል ላይ እንዳሰፈሩ፣ በክፍልና በምዕራፍ እንደለዩዋቸው፣ ከዚያም ለክላስተሩ፣ ማለትም በአንድ ላይ ለተሰባሰቡት የአካባቢው ትምህርት ቤቶች፣ መምህራን ሁሉ በቴሌግራም እንደላኩ ገለጹ። ምስጋናው ጎረፈ። አንድ ጠዋት ግን ስለ ኤሌክትሪክ ዑደት ሊያስተምሩ ፕሮጀክተሩን ከአይሲቲ ክፍል አስመጥተው፣ መጋረጃ የሌለውን መስኮት በካርቶን ጋርደው፣ ላፕቶፑን ከስልካቸው ዳታ ጋር አገናኝተው ከዝርዝራቸው የመረጡትን ሥዕል ሲከፍቱ በገጹ መካከል ግራጫ ሳጥን ብቻ ብቅ አለ። ገጹን ደግመው ከፈቱት፤ ሌላ ብሮውዘር ሞከሩ፤ ሳጥኑ ንቅንቅ አላለም። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 13ቱ በዚህ አለቀ። በመጨረሻ ከፊት ወንበር የተቀመጠች ተማሪ ምንም ሳትናገር ተነሥታ ጠመኔውን አቀበለቻቸው።

መምህሩ ከዚህ ተነሥተው ያቀረቡት ክስ በራሳቸው ላይ ነበር። ከ140ው ውስጥ እስከ መጨረሻው ከፍተው ያዩት 20 እንደማይሞላ፣ ቀሪውን በርዕሱ ብቻ አምነው እንዳስገቡት፣ ያልቀመሱትን ወጥ ለእንግዳ እንዳቀረበ ሰው እንደሚያፍሩ ጻፉ። ጥያቄያቸውም ለክፍል የሚበቃውን እንዴት እናጣራለን፣ ያጣራነውንስ እንዴት እናቆየዋለን የሚል ነበር።

ቁጥር 1 ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ በዚህ መድረክ ላይ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው። መክፈቻውን ስለ ግልጽነቱ አመስግነው ወደ ፕላዝማው ዘመን መለሱን። በ1990ዎቹ ማብቂያ ትምህርቱ በሳተላይት በቴሌቪዥን ሲመጣ የክፍሉ መምህር ማዕዘን ላይ ቆሞ ይጠብቅ እንደነበር፣ በስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ ልጆቹ ገባቸው አልገባቸው ሳይል ይነጉድ እንደነበር፣ ማቆምም ሆነ ወደ ኋላ መመለስ እንዳልነበረ አስታወሱ። የዛሬው ቪዲዮ ግን ቆም ይደረጋል፣ ይመለሳል፣ ድምፁም ይጠፋል፤ ስለዚህ መምህሩ የስክሪኑ ረዳት የሚሆንበት ምክንያት የለም አሉ። ድምፁን አጥፍቶ በራስ አንደበት ማስረዳት፣ በተለይ የተናጋሪው እንግሊዝኛ ለልጆቹ ሲፈጥን፣ እርሳቸው ከሞከሩት ሁሉ የሠመረው ዘዴ እንደነበር ጨመሩ።

ቁጥር 2 የአንድ ትምህርት ቤት የአይሲቲ ባለሙያ ሲሆን የግራጫውን ሳጥን ምሥጢር ፈታው። ፍላሽ በሚባለው ፕሮግራም የተሠሩ ተንቀሳቃሽ ሥዕሎች ድጋፋቸው በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2020) እንደተቋረጠ፣ ብሮውዘሮችም ከዚያ ወዲህ እንደማይከፍቷቸው አብራራ። ገጹ ራሱ በሕይወት ስላለ ሊንኩ ይሠራል፤ የሞተው በውስጡ ያለው ነው። ስለዚህ ሊንክ ተከፈተ ማለት ትምህርቱ ተከፈተ ማለት እንዳልሆነ፣ አሮጌ ዝርዝሮችን የሚወርስ ሰውም ይህን በመጀመሪያ መፈተሽ እንዳለበት አሳሰበ።

ቁጥር 3 ፍላሹ ምንም እንዳልሆነ፣ ባለ 32 ጊጋው እስከ ዛሬ በደንብ እንደሚሠራ በመገረም ጻፉ። በቁጥር 4 የአይሲቲው ባለሙያ ኪስ ውስጥ የሚገባው ፍላሽና ይኼኛው ስም ብቻ እንደሚጋሩ በትህትና አስረዳ።

ቁጥር 5 ከሌላ ትምህርት ቤት የመጡ የፊዚክስ መምህርት ነበሩ፤ ለኤሌክትሪክ ዑደቱ ቀጥተኛ መፍትሔ ይዘው ቀረቡ። ፌት የተባለውን የሲሙሌሽን (በስክሪን ላይ እየነካኩ የሚሠራ ምስለ ሙከራ) ስብስብ ጠቆሙ፦ እ.ኤ.አ. በ2001 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ከተሸለሙት አንዱ የሆኑት ካርል ዋይማን በ2002 በኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ሲሆን ዛሬ ከ150 በላይ ሲሙሌሽኖች አሉት። አብዛኞቹ በአዲሱ የድረ ገጽ ቴክኖሎጂ የተሠሩ በመሆናቸው እያንዳንዱ የጥቂት ሜጋ ፋይል ሆኖ ይወርዳል፤ ከወረደ በኋላም ያለ ዳታ ይከፈታል። እርሳቸው ፋይሉን በሌሊት ጥቅል አውርደው ለቡድን መሪዎች በስልክ እንደሚያካፍሉ፣ አምስት አምስት ሆነው አምፖል ከባትሪ እንደሚያገናኙ፣ ሆን ብለውም ሁለቱን የባትሪ ጫፎች በሽቦ እንዲያገናኙ እንደሚፈቅዱላቸው ነገሩን። ባትሪው ስክሪኑ ላይ በእሳት ሲያያዝ የክፍሉ ጩኸት ጎረቤት ክፍል ድረስ ይሰማል፤ አጭር ዑደት ምን እንደሆነ ግን ከዚያ በኋላ የሚረሳ ልጅ የለም።

ከቁጥር 6 እስከ 8 ያሉት ሦስት መልሶች ተጨማሪ የሊንክ ዝርዝሮች ናቸው፤ አንደኛው ብቻ 55 ሊንክ ይዟል። መክፈቻውን ያነበበ ሰው እንዴት እንዲህ ያደርጋል ብዬ ለራሴ ፈገግ አልኩ፤ ከመሐላቸው ሁለቱን ስከፍት ግራጫውን ሳጥን ስላገኘሁት ደግሞ ፈገግታዬ ሰፋ።

ቁጥር 9 የእኔ ነው። ኬሚስትሪ ስለማስተምር ከገዛ ክፍሌ የሆነውን ጻፍኩ። ስለ ቁስ አካል ሁኔታዎች የሚያስረዳ፣ ሥዕሉ የጠራ፣ አነጋገሩ የተረጋጋ አንድ ቪዲዮ አሳይቼ ነበር፤ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደሚፈላ ይናገራል። በማግሥቱ በቤተ ሙከራ ውኃ ጥደን በየደቂቃው ቴርሞሜትሩን እንዲያነቡ አደረግሁ። ውኃው ይንተከተካል፣ ቴርሞሜትሩ 94 ላይ ቆሟል። ከአንዱ ቡድን ጸሐፊ የነበረችው ልጅ 94 ብላ ጻፈች፤ ከጎኗ የተቀመጠው ጓደኛዋ ላጲሱን አንሥቶ ቁጥሩን አጠፋና 100 ብሎ አረመላት። ለምን ብዬ ስጠይቀው ቪዲዮው ያለው 100 ነው አለኝ። ዓይኑ እያየ ያለውን ለስክሪኑ ሲል ሰረዘ።

ቪዲዮው አልዋሸም፤ የሚናገረው በባሕር ጠለል ስላለ ውኃ ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ የአየር ግፊት በከፍታ ስለሚቀንስ የመፍላት ሙቀትም በየ300 ሜትሩ በ1 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ይላል፣ ሲሰላም ወደ 94 ይወርዳል። ቪዲዮውን አልጣልኩትም፤ አሁን ግን መጀመሪያ ውኃ እናፈላለን፣ ከዚያ ቪዲዮውን እናያለን፣ ልዩነቱ ከየት መጣ የሚለውም የክፍሉ ጥያቄ ይሆናል። በመልሴ የተከራከርኩት በዚህ ነው፦ ከጎኑ የክፍል ማስታወሻ የሌለው ሊንክ ገና ጥሬ ነው፤ የትኛው ደቂቃ ላይ ምን እንደሚጎድለው የሚናገር ሰው ሲገኝ ብቻ ወደ ዝርዝር ይግባ።

ቁጥር 10 የጂኦግራፊ መምህር ሲሆኑ ተመሳሳይ ነገር ከሰማይ አመጡ። እርሳቸው ያገኙት ቪዲዮ በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ የቀትር ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል እንደምትታይ ያስተምራል። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢትና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ፣ በአናታችን ላይ ታልፋለች፤ በመካከሉ ባሉት ወራት ደግሞ ቀትር ላይ በሰሜን ትሆናለች። በግንቦት ወር ልጆቹን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ ሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ አውጥተው ጥላው ወደ ደቡብ ወድቆ እንዳሳዩዋቸው፣ ቪዲዮውን የሠራው ሰው ምናልባት ሰሜን ሲባል አውሮፓን ብቻ አስቦ እንደሆነ ጻፉ።

ቁጥር 11 ላይ ድምፁ ተለወጠ። ለ12ኛ ክፍል ኬሚስትሪ የሚያስተምሩ መምህር እኔንና የጂኦግራፊውን ባልደረባ በትርፍ ጊዜ ሞልቷቸው ነጥብ የሚለቅሙ ሲሉ ገለጹን። ተማሪው በብሔራዊ ፈተና የሚጠየቀው 100 መሆኑን፣ 94 ብሎ ያጠቆረ ልጅ ውጤቱን የሚያስተካክልለት የሐዋሳ ከፍታ እንዳልሆነ፣ በሁለት ፈረቃ ዘጠኝ ሴክሽን የያዘ ሰው ቪዲዮ ከቴርሞሜትር ጋር ሲያመሳክር ሊውል እንደማይችል በቁጣ አስፍረዋል። ለፈተና የሚጠቅም ነገር የሚገኝበትን ሊንክ ብቻ ስጡን አሉ።

በቁጥር 12 መለስኩላቸው፤ ከሚገባኝ በላይ እንደተኮሳተርኩ አሁን ሳነበው ይታየኛል። ጥያቄው በትክክል ሲጻፍ በመደበኛ ግፊት የሚል ቃል እንዳለው፣ ልጁ ያ ቃል ለምን እንደተጻፈ የሚያውቀው 94ን አንድ ጊዜ በዓይኑ ካየ ብቻ እንደሆነ ጻፍኩ። እስከዚህ ድረስ አሁንም እቆምበታለሁ። ላጲስ የያዘው ልጅ የማን ተማሪ እንደነበር ማሰብ ይበጃል ያልኩት ግን አያስፈልግም ነበር፤ ልጁ የእኔው ተማሪ ነውና።

ቁጥር 13 ጋሼ ተመልሰው ገቡ። የቁጣውን መልስ በጥሞና እንድናነበው መከሩን፦ ዘጠኝ ሴክሽን ያለው ሰው ብቻውን 140 ቪዲዮ ሊፈትሽ አይችልም፤ ስለዚህ ቅሬታው ከእኛ ጋር አንድ ነው፣ የጎደለው የሥራ ክፍፍል ነው። በክላስተሩ ያለ እያንዳንዱ መምህር በወር አምስት ብቻ ቢፈትሽና ስሙን ቢያኖርበት ምን ያህል እንደሚሰበሰብ አስሉት አሉን፤ የሒሳብ መምህር ናቸውና ማስላቱን ለእኛ ተዉት።

ቁጥር 14 የዲፓርትመንት ኃላፊ ሲሆኑ ፍለጋው የሚጀመርበትን ቦታ አረሙ። አብዛኞቻችን ደስ የሚል ቪዲዮ ካገኘን በኋላ የትኛው ምዕራፍ ላይ እንደምንለጥፈው እናስባለን። እርሳቸው ግን የአጋማሽ ፈተናውን ወረቀት ዘርግተው ልጆቹ በብዛት የሳቱትን ሦስት ጥያቄ ያወጣሉ፤ ኢንተርኔት የሚከፍቱት ለእነዚያ ሦስቱ ብቻ ነው። ከ20 ገጽ ይልቅ የአራት ደቂቃ ቪዲዮ ውስጥ ያለች የ50 ሰከንድ ቁራጭ ይበቃቸዋል፤ የምትጀምርበትንና የምታልቅበትን ሰከንድ በዕቅዳቸው ኅዳግ ላይ ይጽፋሉ። ከመላው ክር በተግባር የወሰድኩት ምክር ይህ ነው።

ቁጥር 15 የባዮሎጂ መምህርት ስለ ምግብ ሰንሰለት ጻፉ። ያገኟቸው ሥዕሎች ሁሉ ድብና ሳልሞን የሞሉ ስለነበሩ የሥዕሉን አሠራር ብቻ ወስደው በሐይቃችን ነዋሪዎች ተኩት፦ ከታች ዋቅላሚ፣ በላዩ ቆሮሶ፣ ቆሮሶውን የሚበላ አምባዛ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ አሞራ ገደል ዓሣ ማራገፊያው ላይ የሚያንዣብበው ትልቁ ወፍ አባ ኮዳ። ልጆቹ ድቡን ሲያዩ ይጽፋሉ፤ አባ ኮዳን ሲያዩ ይከራከራሉ። ክርክሩ ወደ እኛም ተሻገረ፦ ቁጥር 16 አባ ኮዳ አሞራ ገደል ላይ የሚበላው አንጀትና የተጣለ ራስ ስለሆነ ከአዳኞች ይልቅ ከጥርግራጊ ተመጋቢዎች ጎን ይሰለፍ አሉ፣ ቁጥር 17 የዓሣ ሾርባ ዋጋ የት እንደደረሰ በምሬት ዘረዘሩ፣ ቁጥር 18 የተሻለ ሾርባ የሚገኝበትን ቤት ጠቆሙ። አወያዩ በቁጥር 19 ወደ ጉዳያችን እንድንመለስ ባያሳስቡን ኖሮ ክሩ እዚያው ምሳ ላይ ይቀር ነበር።

ቁጥር 20 የታሪክ መምህር ናቸው። እርሳቸውን የሚያስቸግራቸው የሞተ ሊንክ ሳይሆን የሚያምር ውሸት ነው፤ በታሪክ ርዕስ ላይ በጥሩ ድምፅና ሙዚቃ የተቀናበረ ቪዲዮ ምንጩ ማን እንደሆነ አይናገርም። ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳም ዋይንበርግና ሳራ ማክግሩ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡትን ጥናት ጠቀሱ፦ 10 የታሪክ ምሁራን፣ 25 ተማሪዎችና 10 ሙያተኛ የመረጃ አጣሪዎች ድረ ገጾችን እንዲመዝኑ ሲደረግ፣ ምሁራኑና ተማሪዎቹ በብዛት በገጹ አርማና ገጽታ ሲታለሉ አጣሪዎቹ ግን ገጹን ትተው ወጥተው ሌሎች ስለዚያ ገጽ የጻፉትን ማየት ይቀድማሉ፤ ፍርዳቸውም ፈጣንና ትክክል ሆነ። የእኛ መምህር ዳታ ውድ ቢሆንበትም ይህ ዘዴ ርካሽ መሆኑን አመለከቱ፤ የፍለጋው ውጤት ላይ የሚታዩትን አጫጭር መግለጫዎች ማንበብ ከአንድ ቪዲዮ ያነሰ ዳታ ይበላል።

ቁጥር 21 የክሩ ጎምዛዛ ክፍል የጀመረበት ነው። አንድ ተሳታፊ ከኢንተርኔት የወረደ የልምምድ ጥያቄዎች ስብስብ የአዘጋጁ ስም ያለበት የመጀመሪያ ገጽ ተቀዶ፣ በምትኩ የአንድ መምህር ስም ተጽፎበት፣ ትምህርት ቤት አጠገብ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት ለተማሪ ሲሸጥ እንዳዩ ጻፉ። ስም አልጠሩም። በቁጥር 22 ግን ሌላ ተሳታፊ ማንም ሳይጠይቃቸው የሚከፈለው የወረቀትና የቀለም ብቻ እንደሆነ፣ ኢንተርኔት ላይ በነጻ የተለቀቀ ነገር ባለቤት እንደሌለው በንዴት መለሱ።

ቁጥር 23 ሕግ ያነበቡ የሥነ ዜጋ መምህርት በረጅሙ አስረዱ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለማስተማር ዓላማ ማባዛትን ይፈቅዳል፤ ፈቃዱ ግን ለዓላማው ከሚያስፈልገው መጠን እንዳያልፍና ምንጩና የአዘጋጁ ስም እንዲጠቀስ የሚል ልጓም አለው። በነጻ መለቀቅም ባለቤት አልባ መሆን አይደለም። ክሪዬቲቭ ኮመንስ የተባሉት ፈቃዶች እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ይህን በግልጽ ይለያሉ፦ አንዱ ስም እስከተጠቀሰ ድረስ ሁሉን ይፈቅዳል፣ አንዱ ንግድን ይከለክላል፣ አንዱ ደግሞ ተለውጦ እንዳይሠራጭ ያግዳል። ይህ የመጨረሻው ወደ አማርኛ ወይም ወደ ሲዳምኛ ተርጉሞ ማሠራጨትንም እንደሚጨምር ብዙዎቻችን አናውቅም ነበር። መምህርቷ በዝርዝሩ ላይ የፈቃድ ዓምድ እንዲጨመር ጠየቁ። ቁጥር 22ን የጻፉት ሰው ከዚያ ወዲህ አልታዩም።

ቁጥር 24 የአይሲቲው ባለሙያ የማቆየቱን ጥያቄ አነሣ። ኮሊብሪ የተባለው ነጻ ፕሮግራም በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ከተጫነ ሌሎቹ ኮምፒዩተሮችና ስልኮች ያለ ኢንተርኔት በዚያው ግቢ ዋይፋይ ካን አካዳሚ የተባለውን ነጻ የትምህርት ድረ ገጽ ትምህርቶች ጭምር መክፈት ይችላሉ፤ ኪዊክስ ደግሞ ዊኪፒዲያን በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ያኖራል። የአማርኛው ዊኪፒዲያ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፎች ብቻ ስላሉት አነስተኛ ስልክ ላይ ሳይቀር ይገባል። ይህን የተናገረው እንደ ጥቅም ይሁን እንደ ኀዘን አልለየሁም።

ቁጥር 25 ከከተማው ወጣ ያለ ቀበሌ የሚያስተምሩ መምህር አጭር መልስ ጻፉ። ፕሮጀክተርም ኮምፒዩተርም የላቸውም። ቅዳሜ ከተማ ሲመጡ ቪዲዮውን በስልካቸው ያያሉ፣ ዋናውን ሥዕል በማዳበሪያ ጆንያ ነጩ ገጽ ላይ በማርከር ይገለብጣሉ፣ ሰኞ በሁለት ምስማር ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። እስካሁን 17 ጆንያ አላቸው። ለመሳል የማይበቃውን እንደማይመርጡ፣ የሚስሉትን ደግሞ ሳይገባቸው መሳል እንደማይችሉ ጻፉ። ሦስት ሜትር ሊንክ ከምንለጥፍ ሁላችን ይልቅ የማጣራትን ሥራ በትክክል የሠሩት እኚህ ሰው ይመስሉኛል።

በቁጥር 26 የክሩ ባለቤት ተመለሱ። ከ140ው 31 እንደቀሩ አሳወቁ። ሠንጠረዡ አሁን የፈተሸው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ቀንና ክፍል እንደታየ፣ ስንት ሜጋ እንደሆነ፣ ያለ ዳታ ይከፈት እንደሆነ፣ ፈቃዱ ምን እንደሚል የሚናገሩ ዓምዶች አሉት፤ የመጨረሻውና ሰፊው ዓምድ ችግሩ የሚል ነው። ይህ ዓምድ ባዶ የሆነበት ሊንክ ጥሩ ስለሆነ ሳይሆን ገና ስላልተፈተሸ ነው ብለው እንደሚቆጥሩት ጻፉ። በ12ኛው ረድፍ፣ በእኔ ቪዲዮ አንጻር፣ በሐዋሳ 94 የሚል ሰፍሯል።

ቁጥር 27 ያልጠበቅሁት ነበር። በቁጥር 11 የተቆጡን የ12ኛ ክፍል መምህር ናቸው። ስለቀደመው ቃላቸው ምንም አላነሡም። ትናንት ከሥራ በኋላ ሁለት ልጆች አስቀርተው ውኃ እንዳፈሉ፣ በሠንጠረዡ ላይ የተጻፈው 94 ሲሆን የእርሳቸው ቴርሞሜትር ግን 93 ላይ ቆሞ አልንቀሳቀስም እንዳለ፣ ስለዚህ ረድፉ መታረም ይኑርበት ወይስ መሣሪያው እንደሆነ ጠየቁ።

በቁጥር 28 ቴርሞሜትሩን በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ እንዲያቆዩት፣ ከዜሮ አንድ ዝቅ ብሎ ካነበበ ጥፋቱ የመሣሪያው እንደሆነ፣ ዜሮን በትክክል ካነበበ ግን ሙከራውን ደግመን በሁለት ቴርሞሜትር አብረን እንደምናየው ጻፍኩላቸው። ዛሬ ጠዋት በውስጥ መልእክት የቤተ ሙከራው ማቀዝቀዣ ከተበላሸ መክረሙን ነግረውኝ በረዶ የሚሰጥ ካፌ አውቅ እንደሆነ ጠይቀውኛል።